ዘጠኝ ከረጢት አመድ

ጋሽ ወንፊት ጡረታ ሊወጣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ስድስት ገጽ የርክክብ ቅጽ ይዞለት መጣ። ሚዛን ስንት፣ ማድረቂያ ምድጃ ስንት፣ የብረት ትሪ ስንት፣ ወንፊት በየዓይነቱ ስንት እያለ ይሄድና መጨረሻው ገጽ ላይ «በመጋዘን የሚገኙ ናሙናዎች» ይላል። ሠራተኛው ቀልድ ወዳድ ነውና፣ «ይቺን እንኳ ሳትቆጥር ፈርምባት፤ አመድና ድንጋይ የሚሰርቅ ሌባ ገና አልተወለደም» አለው። ጋሽ ወንፊት ቅጹን ተቀብሎ አራት ላይ አጠፈና ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ችግሩ ያለው እዚያች መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። መጋዘኑ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ፣ በጆንያ የተሸፈኑ ዘጠኝ ከረጢቶች አሉ። ከስድስት ዓመት በፊት «ውሃ ገብቶባቸው ተጥለዋል» ያለው ስለ እነዚህ ነው። ቅጹ ላይ ቢጽፋቸው ውሸቱ ይወጣል። ባይጽፋቸው ተተኪው አንድ ቀን ያገኛቸውና ቆሻሻ መስለውት ይጥላቸዋል። ያኔ ደግሞ በዚያ ውሸት ምክንያት ትምህርቷን ጥላ የሄደችው ልጅ ትክክል እንደነበረች የሚመሰክርላት ነገር በምድር ላይ አይኖርም።

እውነተኛ ስሙ የሚገኘው በሰው ኃይል ክፍል ፋይል ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም አቧራ በልቶታል እያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ይቀልዳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲነፋ ስለኖረ ነው ወንፊት የተባለው። ሥራው ሲያዩት የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል። ሰዎች በተራራው ዙሪያ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ከየንብርብሩ አመድና ጠጠር በከረጢት እየሞሉ ያመጡለታል። እሱ ያደርቀዋል፣ ሰፊ ወረቀት ላይ ይዘረጋዋል፣ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። ግማሹ ይነፋል፣ ግማሹ ታስሮ መጋዘን ይገባል። ሽምብራ ከሚያሳልፈው ጀምሮ ሐር እስኪመስል እስከጠበበው ድረስ አሥራ ሁለት ወንፊቶች አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ። አመዱ ከላይ ይፈስሳል፤ እያንዳንዱ ወንፊት የያዘው ለብቻው ይመዘናል፤ ቁጥሩ ቅጽ ላይ ይሰፍራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የቀረው የጥናቱ ባለቤት የዶክተሯ ሥራ ነው። ከከተማው በስተሰሜን አናቱ ተቦርቡሮ የቀረው ተራራ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ፈንድቷል። ሲፈነዳ ያየ የለ፣ የጻፈ የለ። የቀረው ምስክር አመዱ ብቻ ነው። ዶክተሯ ከጠጠሩ ትልቅነት ጭሱ ምን ያህል ወደ ሰማይ እንደወጣ፣ ከንብርብሩ ውፍረት ነፋሱ ያን ቀን ወዴት ይነፍስ እንደነበር፣ ከአመዱ መድቀቅ ደግሞ እሳቱ ከምን ጋር እንደተጋጨ ታወጣለች። ይህን ስትሠራ መርማሪ ፖሊስ ነው የምትመስለው። መጋዘን ስለሚገባው ግማሽ ከረጢት ደግሞ አንድ አባባል ነበራት፤ «ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለሚጠራጠረን» ትል ነበር።

አመዱ ውስጥ በብዛት ያለው ፑሚስ የሚባለው ድንጋይ ነው፤ ለዓይን ድንጋይ ነው፣ ለእጅ ግን ደረቅ ዳቦ። ሁለመናው የአየር ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠበቅ አድርገው ከያዙት ይፈረፈራል። ስለዚህ የሚነፋው በእጅ ነው። ወንፊቱን በመዳፍ ሰባት ጊዜ ከቀኝ፣ ሰባት ጊዜ ከግራ መታ መታ ማድረግ ነው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ። ጥግ ላይ የሚንቀጠቀጥ የወንፊት ማሽን ቆሟል፤ እሱ ለወንዝ አሸዋና ለጠጣር ድንጋይ ነው። ፑሚስ ማሽን ላይ ከወጣ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱን ያየ ሰው ደግሞ ተራራው ራሱ የፈጨው ይመስለዋል። ይህን ለአዲስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ጋሽ ወንፊት ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያን ያደረገው።

ዶክተሯ ለስብሰባ ሁለት ሳምንት ውጭ አገር ሄዳ ነበር። ከተራራው በስተሰሜን ከተቆፈረው ትልቁ ጉድጓድ የመጡትን ናሙናዎች ስመለስ ጨርሰህ ጠብቀኝ ብላዋለች። የታችኛውን ንብርብር እንደ ደንቡ በእጁ ነፍቶ ጨረሰ። የላይኛው ንብርብር ዘጠኝ ከረጢት ሲቀረው የሠራተኞች የዳማ ውድድር ተጀመረ። ጋሽ ወንፊት በዳማ የሚታማ ሰው አይደለም። የሒሳብ ክፍሉን በሦስት ጨዋታ ጠራርጎ ሲያሸንፍ ግቢው ሁሉ ተነጋገረበት። ውድድሩ ከሚካሄድበት ከጥበቃዎቹ ክፍል እስከ ላቦራቶሪው መቶ እርምጃ ነው። አንዱን ከረጢት ማሽኑ ላይ ይጭንና ቁልፉን ተጭኖ ይሄዳል፤ አንድ ጨዋታ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ተመልሶ ይመዝናል፣ ሌላውን ይጭናል። ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ከረጢት። ቅጹ ላይ «የአነፋፍ ዘዴ» በሚለው ሳጥን ውስጥ እጁ እንደለመደው «በእጅ» ብሎ ጻፈ። በውድድሩ ደግሞ አንደኛ እንኳ አልወጣም። ሁለተኛ ወጥቶ ቴርሞስ ተሸለመ።

ዶክተሯ ተመልሳ ቁጥሮቹን ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከታች ካለው ንብርብር ከመቶው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት እጅ ነበር የደቀቀው። ከላይኛው አሥራ አራት እጅ ደቅቋል። ያለ ነገር እንዲህ አይሆንም አለች። ፍንዳታው መሐል ላይ ውሃ ገብቷል፤ የጥንት ሐይቅ ይሆናል፤ እሳትና ውሃ ሲገናኙ ድንጋይን እንደ ዱቄት ይፈጩታል። ማንም ያላሰበው ነገር ነው። በማግስቱ ኬክ አስመጥታ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ፣ «ይህን ያገኘው ወንፊቱ ነው» ብላ አስጨበጨበችለት። እሱም ኬኩን በላ። ነገሩ የገባው ወደ ቤት ሲሄድ አውቶቡስ ላይ ነው። ውሃ አይደለም፤ ማሽኑ ነው።

በማግስቱ ሊነግራት አስቦ ገባ። እሷ ግን ለሌላ አገር ባለሙያ በስልክ እየሳቀች ስታስረዳ አገኛትና ከሰዓት ይሻላል አለ። ከሰዓት ነገ ይሻላል አለ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እሱ ግን ቅጠሉን እንደያዘ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ጥናቱ ታተመ፣ ዓመት አለፈ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ምን ጎዳሁ፣ የሞተ ተራራ ክስ አይመሠርት፣ እያለም ራሱን ያጽናና ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ያን ሳምንት ልጄ ታማ በነበረ ብሎ ሲመኝ ራሱን ይይዘዋል። ልጅ ታሞበት ቢሆን የሚናገረው ምክንያት ይኖረው ነበር። በገዛ ልጁ ላይ በሽታ መመኘቱ ትዝ ሲለው ይሰቀጥጠዋል።

የሚጎዳው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ መጣ። ዶክተሯ «ፍልፈሏ» የምትላት ተማሪ ነበረች። መቆፈር ስለማይደክማት ነው። ጥፍሯ ውስጥ ሁልጊዜ አፈር አለ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከማበጠሪያ በፊት መዶሻ ይገኛል። ወንፊት መምታት ያስተማራት ጋሽ ወንፊት ነው፤ ሰባት ከቀኝ፣ ሰባት ከግራ። ዶክተሯ ልጅ የላትም፤ ይህችን እንደ ልጇ ነበር የምታያት። ምሳ እንኳ ካለሷ አትበላም።

ልጅቷ የዶክተሯን ግኝት ላጠናክር ብላ ነበር የተነሳችው። በተራራው ዙሪያ ሃያ ሁለት ጉድጓድ ቆፈረች። በአንዱም የደቀቀ ንብርብር አጣች። በሰሜን በኩል የነበረው ትልቁ ጉድጓድ ደግሞ የለም፤ የብሎኬት ፋብሪካ ኮረብታውን እስከነአካቴው ቆርጦ ወስዶታል፤ የከተማው ግማሽ ቤት የተሠራው ከዚያ አመድ ነው። የቀራት ተስፋ መጋዘን የገባው ግማሽ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ምድር ቤት ወርዳ፣ የሰሜኑ ጉድጓድ ግማሾች እዚህ እንዳሉና በእጇ ነፍታ ማየት እንደምትፈልግ ለጋሽ ወንፊት ነገረችው።

ከረጢቶቹ ከቆመችበት አምስት እርምጃ ላይ ነበሩ። ያን ክረምት የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ወንፊትም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ውሃ ገብቶባቸው ሻግተው ተጥለዋል አላት። ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ፍልፈሏ መደርደሪያውን ሁሉ ትፈትሽ ነበር። እሱ ስላላት አመነች።

ከሁለት ወር በኋላ የዶክተሯ ክፍል በር ተዘግቶ ጭቅጭቅ ተሰማ። ልጅቷ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም አለች። ዶክተሯ፣ ጉድጓዶቹን በደንብ አልቆፈርሽም፣ ላይኛው ንብርብር በጎርፍ ታጥቦ ሲሄድ አላስተዋልሽም፣ አመድ የሚያይ ዓይን የለሽም አለቻት። ፍልፈሏ በዚያው ሳምንት መዶሻዋን ትታ ሄደች። ሦስት ዓመት የደከመችበትን ትምህርት ሳትጨርስ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ሆነች ተባለ። ዶክተሯም ከዚያ ወዲያ ሌላ ተማሪ አልወሰደችም።

ጋሽ ወንፊት ከረጢቶቹን በማግስቱ ሊጥላቸው ተነሳ። አንዱን ተሸክሞ እስከ ቆሻሻ መጣያው ሄደና እጁ እምቢ አለው። ሃያ አምስት ዓመት ናሙና አይጣልም ሲል የኖረ እጅ ነው። መለሰውና ከመደርደሪያው ጀርባ አስገብቶ ጆንያ ጣለባቸው።

እንግዲህ ቅጹን በኪሱ ይዞ ቤቱ የገባው ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ዚፕ ስትቀይር እራት ሳይቀርብ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ከዳማው ጀምሮ እስከ ከረጢቱ ነገራት። መጀመሪያ ማሽኗን አላቆመችም። መጨረሻ ላይ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «እኔኮ ስድስት ዓመት ስትገላበጥ ጨጓራ ነው ብዬ ወተት ሳጠጣህ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ዶክተሯ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰባ ሦስት መሆኗን ነገራት። ልጅቷስ የት እንዳለች ጠየቀችው። ከከተማው ማዶ፣ ሁለት አውቶቡስ ይወስዳል አላት። ባለቤቱ መርፌውን ፈትሻ ዚፑ ላይ እያጎነበሰች፣ «እንግዲህ ዶክተሯ እስክትሞት ቁጭ ብለህ ጠብቃት» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ከእሷ አፍ ይህ ከስድብ ይከፋል።

ዶክተሯ ጡረታ ከወጣች ብትቆይም ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ድሮ ክፍሏ ትመጣለች። ዓይኗ እየደከመ ሄዷል፤ ደብዳቤዎቿን ጸሐፊዋ ታነብላታለች፣ ድንጋይ የምትለየው በጣቷ ነው። ጋሽ ወንፊት ዘጠኙን ከረጢቶች በጋሪ ጭኖ ኮሪደሩን እያንኳኳ ሲመጣ፣ ምን ጭነህ ነው እንዲህ የምታንኳኳው አለችው። የሰሜኑ ጉድጓድ ግማሾች መሆናቸውን ነገራት።

«እነሱማ ተጥለዋል።»

«አልተጣሉም ዶክተር። እኔ ነኝ የደበቅኳቸው።»

ከዚያ በኋላ ቆሞ ተናገረ፤ ተቀመጥም አላለችው። ማሽኑን፣ አርባ ደቂቃውን፣ ለልጅቷ ያለውን ሁሉ ነገራት። እሷ አልተቆጣችም። በዱላዋ ተደግፋ ተነሳችና ወደ ላቦራቶሪው እንውረድ አለችው። እዚያ ዱካው ላይ ተቀምጣ አንዱን ከረጢት አሁኑኑ በእጅህ ንፋ አለችው።

ጋሽ ወንፊት ሲነፋ ሁለት ጊዜ አቁሞ ጋውኑ ላይ ላቡን ጠረገ። ዶክተሯ ዓይኗን ጨፍና የመዳፉን ምት ትቆጥር ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። የመጨረሻው ወንፊት የያዘውን መዘነና፣ ሒሳቡን ሠርቶ፣ ከመቶው ሁለት ነጥብ ስድስት እጅ መሆኑን ነገራት። ድገመው አለችው። ደግሞ መዘነ። ያው ነው።

የድሮውን ቅጽ አምጥተህ የአነፋፍ ዘዴ የሚለውን አንብብልኝ አለችው።

«በእጅ ይላል።»

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ዳማ ስጫወት።»

«ለመሆኑ አሸነፍክ?» አለችው ዶክተሯ።

«ሁለተኛ ወጣሁ።»

ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣና ተመለሰ። ቀጥላ የተናገረችውን ጋሽ ወንፊት አልጠበቀም። ስድብ ነበር የጠበቀው፤ ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር።

«ተራራው ግድ የለውም፤ ውሃ ገባ ብንለው፣ አልገባም ብንለው ያው ተራራ ነው። ስሜም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው የሚያልፈው። አንተ አንድ ውሸት ዋሸህ። እኔ ግን ሃያ ሁለት ጉድጓድ ቆፍራ ያመጣችልኝን እውነት፣ ለአንድ ጉድጓድ ብዬ ጣልኩት። ግማሹ ለሚጠራጠረን እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ የሚጠራጠረኝ ሰው ሲመጣ አባረርኩ። አንተ ከረጢት ስለደበቅክ ብቻ አይደለም። ስለወደድኳት፣ እንድትቃወመኝ አልፈለግኩም።»

ቅጹ ላይ «በእጅ» የሚለውን ሰርዞ «በማሽን፣ አርባ ደቂቃ» ብሎ እንዲጽፍና እንዲፈርም አዘዘችው፤ በዘጠኙም ቅጽ ላይ። የርክክቡ መጨረሻ ገጽ ላይም ዘጠኙን ከረጢቶች አስጻፈችው፤ የነፉትን አንዱን ጨምሮ። እርማቱን ለዩኒቨርሲቲው፣ ለመጽሔቱና ለልጅቷ እሷ በደብዳቤ ትጽፋለች። «አንተ ግን ወደ ልጅቷ በእግርህ ሂድ፤» አለችው፣ «ይህ በፖስታ የሚላክ አይደለም።»

ሐሙስ ሄደ። ትምህርት ቤቱ የዕረፍት ሰዓት ላይ ነበርና ግቢው በልጆች ጩኸት ይናጣል። ፍልፈሏ ከመምህራን ክፍሉ በር ላይ ስታየው ጠመኔ በነካው እጇ አንገቱን አቀፈችው። ጋሼ፣ ጋሼ አለችው፤ ባለቤቱ እንዴት እንደሆነች፣ ልጁ አግብታ እንደሆነ፣ ጡረታ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው፣ ወንበር ሰጠችው፣ ሻይ ላስመጣ አለች። ሻዩ ሳይመጣ ልንገራት ብሎ ነገራት። ሻዩን ጠጥቶ ከነገራት ሁለተኛ ሌብነት መሰለው።

እስኪጨርስ ሰማችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ እየቆየ፣ ሰው የረሳው መብራት እንደሚጠፋ ነው የጠፋው።

«ስንት ደቂቃ ነው ያሉኝ?»

«አርባ።»

«ዘጠኙንም?»

«ዘጠኙንም።»

እጇ ላይ ያለችውን ጠመኔ ለሁለት ሰበረቻት፤ ሆን ብላም አይመስል። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። የዘጠነኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ተራራ ታሪክ በአንድ ገጽ ተጽፏል፤ ውሃ ገብቶ ነበር ይላል። በየዓመቱ ያን ገጽ ታስተምራለች። ልጆቹን ትፈትናለች፤ ውሃ አልገባም ብሎ የመለሰ ካለ ስህተት ብላ ታርምበታለች።

«ዓይኔን ማመን ነው ያቆምኩት፤» አለችው። «ከተማሪዎቼ ጋር ስንወጣ መንገድ ዳር የተቆረጠ አፈር ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ማየት የማልችል ሰው ነኝ ብዬ ነዋ። አመድ የሚያይ ዓይን የለሽም ተብዬ።»

ጋሽ ወንፊት ከወንበሩ ተነሳ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት እጇን አነሳች።

«ጋሼ፣ አሁን አይጠይቁኝ። አሁን ከጠየቁኝ እምቢ ልልዎ ነው። እምቢ ልልዎ ደግሞ አልፈልግም።»

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ወደየክፍላቸው መግባት ጀመሩ። ከረጢቶቹ ውስጥ ስንቱ እንደቀረ ጠየቀችው፤ ስምንት ሙሉ እንዳሉ ነገራት። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካቸው፣ እርስዎም ጭምር፣ እኔ ራሴ ነኝ የምነፋቸው አለችው። ሻዩ ሲመጣ እሷ ደረጃውን እየወጣች ነበር። ጋሽ ወንፊት ብቻውን ሊጠጣው አልቻለም። ትቶት ወጣ።

ቅዳሜ ላቦራቶሪው የወትሮው ግርግር አልነበረበትም። ዶክተሯ ከማንም ቀድማ መጥታ ዱካው ላይ ተቀምጣለች። ፍልፈሏ ስትገባ በዱላዋ ልትነሳ ሞከረችና ሳትችል ቀረች። ልጅቷ ሮጣ አልደገፈቻትም፣ ፊቷንም አላዞረችባት። ቀረብ ብላ ቆመችና፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ዓይንዎ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻት።

«የደከመው አሁን አይደለም፤» አለች ዶክተሯ።

ደብዳቤውን ሰጠቻት። ስህተቱ የማን እንደሆነ፣ ልጅቷ ምን እንዳየችና ምን እንደተባለች፣ ሁሉም ተጽፏል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሳ ትምህርቷን እንድትጨርስ የሚጠይቅም አለበት። ልጅቷ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይላኩት አለች፤ መጽሐፉን ለሚያዘጋጁትም ይላኩላቸው፣ ልጆቹ የተሳሳተ እንዳይማሩ። ስለ መመለሱ ግን አሁን የምትለው ነገር የላትም። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ክፍል አላት፣ ተማሪ አላት፤ ስድስት ዓመት በደብዳቤ አይመለስም። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። የሚያውቃቸው ሰው ግን ድሮ ሁለቱ ተቀምጠው ዝም የሚባባሉት እንዲህ እንዳልነበር ያውቃል። የድሮው ዝምታ የጠገቡ ሰዎች ዝምታ ነበር።

ፍልፈሏ ሽርጧን አሠረች፣ አፍንጫዋን ሸፈነች፣ አሥራ ሁለቱን ወንፊቶች ራሷ ደረደረች። የመጀመሪያውን ከረጢት ስትፈታ እጇ እንግዳ የሆነ ይመስል ነበር። ከጥቂት ምት በኋላ ግን ሥራው ተመለሰላት፤ ሰባት ከቀኝ፣ ሰባት ከግራ። ጋሽ ወንፊት ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ቆሟል። እውነቱን ከተናገርኩ ሸክሙ ይወርድልኛል ብሎ አስቦ ነበር፤ ማክሰኞ አልወረደም፣ ሐሙስ አልወረደም፣ ዛሬም ያው ነው። የገባው ነገር ቢኖር፣ ቶሎ ቢናገር ኖሮ ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ኀፍረት ብቻ ይሆን እንደነበር ነው። ኀፍረቱን ያን ቀን እምቢ ስላለ ሌላ ሰው ስድስት ዓመት ተሸከመለት።

ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ የፍልፈሏ እጅ አመድ ስለነበር፣ የዶክተሯ ዓይን ደግሞ ስለማያይ፣ ማን ያንብበው የሚል ጥያቄ ሳይነሳ ጋሽ ወንፊት ቀረበ። ሁለት ነጥብ አራት አለ። ልጅቷ አጎንብሳ ራሷም አየችው። ልክ መሆኑን አረጋግጣ እንጂ ቃሉን አምና አልጻፈችም። ጋሽ ወንፊትም ልክ ናት አለ በልቡ።

ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለት ነጥብ ሰባት። አጎንብሳ አየች፣ ጻፈች።

የምትሠራበትን ወረቀት አራግፋ ወንፊቶቹን መልሳ ደረደረች። ወደ እሱ ሳትዞር፣ አመድ የሸፈነው እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና፣ «ቀጣዩን ያቀብሉኝ» አለችው።

ጋሽ ወንፊት የሦስተኛውን ከረጢት ገመድ ፈታና አቀበላት።